ትራንክ ውስጥ ያለው ጃኬት

ሰላም እትዬ፣

ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፣ ጽፌ ግን አላውቅም። 36 ዓመቴ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንት መንከባከብ ነው። ባለትዳር ነኝ፣ የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ሲጋራ አጨሳለሁ። ይቺን አንዲት ቃል ለመጻፍ ስንት ቀን እንደፈጀብኝ ቢያውቁ።

ባለቤቴ አያውቅም። እናቴ አታውቅም። ጓደኞቼ አያውቁም። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የጀመርኩት የሌሊት ሺፍት ስሠራ ነው። እዚያ ቤት ደጅ ወጥቶ አየር የሚያገኘው የሚያጨስ ሰው ብቻ ነበር፣ እኔም ለዕረፍቱ ብዬ አብሬያቸው መውጣት ጀመርኩ፣ በዚያው ለመደብኝ። አሁን በቀን አሥራ ሁለት ያህል አጨሳለሁ፣ ሁሉንም ከቤት ውጭ። መኪናዬ ትራንክ ውስጥ ለማጨሻ ብቻ የምለብሰው ጃኬት አለ። ቅርንፉድ አኝካለሁ፣ እጄን በሳኒታይዘር እፈትጋለሁ፣ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ዕጣን ማጨስ ነው። ባለቤቴ "አንቺ ደግሞ ዕጣን ስትወጂ" ይለኛል።

ልጄን ሳረግዝ ትቼው ነበር። አምስት ወር ሲሆናት ሥራ ተመለስኩ፣ ሲጋራውም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። አንዴ ለእንቁጣጣሽ ቃል ገብቼ 11 ቀን ቆየሁ። አንዴ አገር ቤት ሄጄ ጠበል ተጠመቅኩ፣ እዚያ እያለሁ አንድም ቀን አላማረኝም፣ እዚህ ተመልሼ ሥራ የገባሁ ዕለት ግን ፓርኪንጉ ውስጥ አጨስኩ። አንዴ ደግሞ ከፋርማሲ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኒኮቲን ፓች ገዛሁ። አሳከከኝ፣ ባለቤቴም ክንዴ ላይ አይቶ "ምንድነው?" አለኝ። የጡንቻ ሕመም ፕላስተር ነው አልኩት። በአምስተኛው ቀን ልጬ ጣልኩት።

በቅርቡ ለዓመታዊ ምርመራ ሄጄ ቅጹ ላይ "ታጨሻለሽ?" ለሚለው ለመጀመሪያ ጊዜ "አዎ" አልኩ። ለምን እንዳልኩ እኔም አልገባኝም። ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። ሆስፒታሉ ለማቆም የሚረዳ ፕሮግራም አለው ብላ ሪፈራል ጻፈችልኝ። ተመላላሽ ሕክምና ነው። ስምንት ሳምንት፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ በቡድን፣ በመሐል ለብቻ ከባለሙያ ጋር፣ መድኃኒትም አለው። ደውለው "አስተርጓሚ ትፈልጊያለሽ?" ሲሉኝ ስልኩን ዘጋሁት። እንግሊዝኛ አያቅተኝም፣ የሆዴን የምናገረው ግን በአማርኛ ነው። አስተርጓሚው የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ቢሆንስ? ቡድኑ ውስጥ ሐበሻ ብትኖርስ? ኢንሹራንሳችን በባለቤቴ ሥራ በኩል ነው፣ ደብዳቤ ቤት ቢመጣስ?

እናቴ ግንቦት ላይ ትመጣለች፣ ሦስት ወር ትቆያለች። እሷ እያለች እንዴት እንደምደብቅ አላውቅም። አንዳንዴ ደግሞ "ለሲጋራ ብሎ ሕክምና ምንድነው፣ የአክስቴ ባል በአንድ ቀን ጥሎት የለ?" እላለሁ። ፕሮግራሙ የሚጀምረው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ልሂድ? ለባለቤቴስ ልንገረው?

ደብቃ የምታጨሰው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ ያስቆመኝ ዕጣኑ ነው። ሲጋራ አጭሶ፣ ሽታውን ለማጥፋት ቤት ገብቶ ዕጣን ማጨስ። ቋንቋችንም ለሁለቱም ያለው ቃል አንድ ነው። ሳቅ አመለጠኝ፣ ወዲያው ግን ሆዴን ባር ባር አለው። ጃኬቱን ማውለቅ፣ ቅርንፉዱን ማኘክ፣ መስኮቱን መክፈት፣ ለፓቹ ታሪክ መፍጠር፣ የትኛው መደብር ሐበሻ ካሸር እንደሌለው ማወቅ (እሱን አልጻፍሽውም፣ ግን ታውቂያለሽ አይደል?)። አንቺ እኮ ሁለት ሥራ ነው የምትሠሪው። አንዱ ነርሲንግ ሆም፣ አንዱ ድበቃ። ድበቃው ዕረፍት የለውም።

መልሴን ሳልዞር ልንገርሽ። አዎ፣ ሂጂ። የዘጋሽው ስልክ ላይ መልሰሽ ደውይ። የቀረው ጽሑፌ ለምንና እንዴት የሚለው ነው።

ከአክስትሽ ባል ልጀምር። በአንድ ቀን ጥሎት ከሆነ እሰየው፣ ጎበዝ። እንደሱ ያለ ሰው በየዘመዱ አንድ አይጠፋም፣ ገድሉም በየሠርጉ ይወራል። ጥለው በሳምንቱ የጀመሩትን ግን ማን ያወራላቸዋል? ያለ ምንም እርዳታ በወኔ ብቻ ለማቆም ከሚሞክሩ 100 ሰዎች መካከል ስድስት ወር፣ ዓመት የሚዘልቁት ከ3 እስከ 5 የሚሆኑት ናቸው። የቀሩት ሁሉ ደካማ ናቸው ልንል ነው? ሱስ የሚያስይዘው የሲጋራው ኒኮቲን ከሳንባ ተነስቶ አንጎል ለመድረስ 20 ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። አንቺ በቀን 12 ስታጨሺ፣ ከእያንዳንዱ አሥር ጊዜ ብትስቢ፣ በዓመት ከ40 ሺህ ጊዜ በላይ አንጎልሽ "ሲከፋኝ ይሄ አለ፣ ሲደክመኝ ይሄ አለ" እያለ ይማራል ማለት ነው። አርባ ሺህ ጊዜ የተማረውን በአንድ የእንቁጣጣሽ ቃል ማስረሳት ከባድ ነው። 11 ቀን መቆየትሽ ራሱ ገርሞኛል። በጣም የሚያስጨንቀው የመጀመሪያው ሳምንት ነው፣ በተለይ ሁለተኛና ሦስተኛው ቀን፣ አንቺ ያንን ለብቻሽ አልፈሽው ነበር።

ሦስቱ ሙከራዎችሽ እኔ እንደማየው ሦስት ሽንፈት አይመስሉኝም። ይልቅ ስለ አንቺ ብዙ ነገር ይናገራሉ። እስቲ ጠበሉን እንየው። አገር ቤት ሳለሽ አላማረሽም፣ እዚህ ሥራ የገባሽ ዕለት ፓርኪንጉ ላይ አጨስሽ። ለእምነትሽ ክብር አለኝ፣ ጠበልና ሕክምናም የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። ግን ደግሞ እዚያ መኪናሽ አልነበረችም፣ ሺፍቱ አልነበረም፣ ጃኬቱም የለም። ሰውነትሽ ከኒኮቲን ሲላቀቅ ፓርኪንጉ ግን እዚሁ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሽ ነበር። ለዚህ ነው መድኃኒት ብቻውን፣ ምክር ብቻውን የማይበቃው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰጡ ከእያንዳንዳቸው የተሻለ እንደሚሠሩ በደንብ የታወቀ ነው። የተጻፈልሽ ፕሮግራምም ሁለቱን ያጣመረ ነው።

ፓቹ ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። አንቺ ላይ ሳይሆን፣ ሳያስረዳ በሸጠልሽ ሰው ላይ። ፓች መጠን አለው። በቀን ከ10 በላይ የሚያጨስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በ21 ሚሊግራም ነው፤ ስድስት ሳምንት፣ ከዚያ 14 ሚሊግራም ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ 7 ሚሊግራም ሁለት ሳምንት። ከ10 ጀምሮ ወደታች የሚያጨስ በ14 ይጀምራል። አምስት ቀን ማለት ገና በሩን ከፍተሽ አልገባሽም ማለት ነው። ማሳከኩም የተለመደ ነው፣ በየቀኑ ቦታ ይቀያየራል። ክንድ ላይ ብቻ ነው ያለውም የለም፣ ጀርባሽ ላይ ለጥፊው፣ ማንም አያየውም። በዚያ ላይ ከፓቹ ጋር የሚታኘከውን የኒኮቲን ማስቲካ ደርቦ መጠቀም ይቻላል። ፓቹ ቀኑን ሙሉ በቀስታ ይሰጥሻል፣ ማስቲካው ድንገት ውል ሲልብሽ ይደርስልሻል። ሁለቱ አብረው ከአንዱ ይሻላሉ። ይህን ማን ነገረሽ? ማንም። ታዲያ "ሞክሬ አልሠራልኝም" የምትይው ምኑን ነው?

አንድ ነገር ግን ለባለሙያው ራስሽ መንገር አለብሽ፣ እነሱ ላይገምቱት ይችላሉ። መጀመሪያ ከሚጠይቁሽ አንዱ "ከእንቅልፍሽ ከነቃሽ ስንት ደቂቃ ቆይተሽ ነው የመጀመሪያዋን የምታጨሺው?" የሚል ነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨስ ሰው ሱሱ የጠነከረ ነው ብለው ማስቲካውን 4 ሚሊግራም ያደርጉታል፣ ከዚያ በላይ የሚቆይ ደግሞ 2 ይሰጠዋል። አንቺ የምታጨሺው ልጅሽን አልብሰሽ፣ ቁርስ አብልተሽ፣ ቤቱን ጥለሽ ከወጣሽ በኋላ ነው። ምናልባት አንድ ሰዓት ተኩል። የቆየሽው ስላላማረሽ ነው ወይስ ቤት ውስጥ ስለማትችይ? መልሱ ሁለተኛው ከሆነ በግልጽ ንገሪያቸው፣ አለበለዚያ ሱስሽ ከእውነቱ ቀለል ብሎ ይታይና ያነሰ መጠን ይታዘዝልሻል።

"ሕክምና" ስትይ ምን እየታየሽ እንደሆነ አላውቅም፣ ነጭ ጋዋን፣ ቁጣ፣ የሳንባ ፎቶ ይሆናል። ብዙ ጊዜ እንዲያ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን በትንሽ መሣሪያ ትንፋሽሽን ይለኩት ይሆናል። የሚለካው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ያው ከሰል አግብቶ ቤት ዘግቶ የተኛን ሰው የሚገድለው ጋዝ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ትንፋሽ ውስጥ አለ፣ ቁጥር ሆኖ ይወጣል። ደስ የሚለው ነገር ካቆምሽ በአንድ ሁለት ቀን ቁጥሩ ከማያጨስ ሰው ጋር እኩል መሆኑ ነው። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ቀን "አቁሚ" የሚባል ይመስለዋል። የአሜሪካ የሳንባ ማኅበር ለብዙ ዓመታት ሲሰጠው የቆየው የታወቀ ፕሮግራም ለምሳሌ ስምንት ክፍለ ጊዜ አለው፣ የሚቆመው ግን በአራተኛው ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ዝግጅት ናቸው። የትኛዋ ሲጋራ ለምን እንደምትጨስ መጻፍ፣ በምትኳ ምን እንደሚደረግ ማሰብ፣ መድኃኒቱን መምረጥ። የአንቺ ሆስፒታል አካሄድ ትንሽ ሊለይ ይችላል፣ የማቆሚያ ቀን አስቀድሞ መቁረጡ ግን ብዙ ጊዜ አይቀርም።

ስለ እንክብሉ። አሜሪካ ውስጥ ኤፍዲኤ (የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት) ለማቆሚያ የፈቀዳቸው መድኃኒቶች ሰባት ናቸው። አምስቱ ኒኮቲንን በሌላ መንገድ የሚሰጡ ናቸው፣ ሁለቱ ቡፕሮፒዮንና ቫሬኒክሊን የሚባሉ እንክብሎች። ቫሬኒክሊን የሚጀመረው ከማቆሚያው ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው፣ መጠኑ ቀስ እያለ ይጨምራል፣ አብዛኛውን ጊዜ 12 ሳምንት ይወሰዳል። ፌስቡክ ላይ "ያሳብዳል" የሚል ወሬ ታገኚ ይሆናል። ድሮ ከባድ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት ነበር፣ ትልቅ ጥናት ከተደረገ በኋላ ኤፍዲኤ በ2016 አንስቶታል። ሕልም ግን ያበዛል፣ ማቅለሽለሽም አለው። የሚጥል በሽታ ኖሮብሽ የሚያውቅ ከሆነ ቡፕሮፒዮን ለአንቺ አይሆንም። ሌላ ልጅ እያሰባችሁ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ አስቀድመሽ ይህን ንገሪያቸው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የትኛው እንደሚሻልሽ የሚወስኑት እነሱና አንቺ ናችሁ።

አሁን ሐበሻ ያልሆነ አማካሪ የማይጠይቅሽን ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ትጾሚያለሽ? ፕሮግራሙ ሁዳዴ ላይ ነው የሚውለው። ቫሬኒክሊን ከምግብ በኋላ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ነው የሚወሰደው፣ በባዶ ሆድ ከሆነ ያስመልሳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዪ ከሆነ የጠዋቱ ፍሬ ችግር ነው። ስለዚህ ወይ ለሐኪሟ ነግረሽ ሰዓቱን ታስተካክሊያለሽ፣ ወይ ከምግብ ጋር የማይያያዘውን ፓች ትመርጫለሽ፣ ወይ ደግሞ ለንስሐ አባትሽ "መድኃኒት ላይ ነኝ" ትያቸዋለሽ። የምን መድኃኒት እንደሆነ የመንገሩ ነገር የአንቺ ፈንታ ነው። ታማሚ ደግሞ ከጾም የሚፈቀድለት አዲስ ነገር አይደለም። በነገራችን ላይ፣ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጋራውንም ትተይዋለሽ እንዴ? እንደዚያ የሚያደርጉ ምእመናን አሉ። አንቺም ከሆንሽ ይህን ማስታወሻሽ ላይ ጻፊው፣ ራስሽን የምታውቂበት ትልቅ መረጃ ነው።

ሁለተኛው ቡና ነው። ቡና ታፈያለሽ ብዬ ልገምት፣ ሥራ ቦታም ትጠጫለሽ። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ጭሱ ሲቀር ያው የለመድሽው ሦስት ስኒ ደምሽ ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ልብሽ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ አንቺ ደግሞ "ሲጋራው ነው፣ አልቻልኩም" ብለሽ ወደ ጃኬቱ ትሮጫለሽ። ስለዚህ ባቆምሽበት ሳምንት ቡናውን በግማሽ ቀንሺው። አቦልን ጠጥተሽ ቶናና በረካውን ለሌላው ስጪ። ማስቲካውን ደግሞ ቡና በጠጣሽ በ15 ደቂቃ ውስጥ አታኝኪው፣ አፍሽ ውስጥ በደንብ አይሠራም። እንደ ተራ ማስቲካም አይደለም፣ ጥቂት አኝከሽ ማቃጠል ሲጀምርሽ ጉንጭሽ ሥር ታስቀምጪዋለሽ፣ ሲጠፋ ደግሞ ታኝኪዋለሽ።

እሺ፣ ወደ ፍርሃትሽ እንምጣ። ስልኩን ያዘጋሽ እሱ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር። ሐፍረትሽ ከአንቺ አልጀመረም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆ የሚያጨስን በብርቱ ይቀጡ እንደነበር የሚነገርባት አገር ልጆች ነን። ወንድ ልጅ ሲያጨስ "ምን ያድርግ፣ ጭንቀት ነው" ይባላል፣ ሴት ስታጨስ ስሟ ይቀየራል። እኔ ይህ ፍርድ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም፣ ግን የለም ብዬም አልዋሽሽም። ስለዚህ "ሰው ምን አገባው፣ በግልጽ ሂጂ" አልልሽም። መንገድ እንፈልግለት።

አስተርጓሚው። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ቋንቋ ለሚቸግረው ታካሚ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ አስተርጓሚውም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ግን ማስተርጎሙ በአካል መሆን የለበትም። "በስልክ ይሁንልኝ፣ ስሜ አይጠራ፣ ቢቻል ሴት ትሁን" ማለት ትችያለሽ። በስልክ የሚሠሩት አስተርጓሚዎች ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት በየስቴቱ ተበትነው ነው፣ ድምፁን ካወቅሽው ደግሞ "ይቀየርልኝ" ብለሽ መዝጋት ነው፣ ማንም ለምን አይልሽም። ሌላም መላ አለ። ቡድኑን በእንግሊዝኛ ተካፈይ፣ ለብቻሽ ከባለሙያዋ ጋር ስትሆኚ ብቻ አስተርጓሚ ጠይቂ። የሆድሽን የምታወጪው እዚያ ነው።

ቡድኑ። እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርሽ። የሕክምና ምስጢር ሕጉ፣ ሂፓ የሚሉት፣ የሚያስረው ሐኪሞቹንና ሠራተኞቹን ነው። አጠገብሽ የተቀመጠችውን ተሳታፊ ሕጉ አያስራትም፣ ቃል ብቻ ነው የምትገባው። ሐበሻ ብትኖርስ? ብትኖር እኮ እሷም ትራንኳ ውስጥ ጃኬት አላት። በሩን ስትከፍት አንቺን አይታ የምትደነግጠው እሷ ናት። ይህ የማያጽናናሽ ከሆነ በቪዲዮ የሚሰጥ ቡድን ወይም የግል ቀጠሮ ብቻ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ቡድን ግድ አይደለም። እንዲያውም ምንም ሳትወስኚ ዛሬውኑ መደወል የምትችይበት ነፃ መስመር አለ፣ 1-800-784-8669። ከየትኛውም ስቴት ቢደወል ወደ ስቴቱ የማቆሚያ እርዳታ ያገናኛል። መኪናሽ ውስጥ ሆነሽ ማነጋገር ትችያለሽ። ያቺ መኪና አንድ ቀን እንኳ ለሌላ ነገር ብትውል ምን አለበት።

ደብዳቤው። ይህ ፍርሃትሽ ልክ ነው። ኢንሹራንሱ በባለቤትሽ ስም ስለሆነ ስለ ሕክምናው የሚያስረዳ ወረቀት ቤት ሊመጣ ይችላል። በካርዱ ጀርባ ያለው ቁጥር ላይ ደውለሽ "የእኔን ደብዳቤ በሌላ አድራሻ ወይም በራሴ አካውንት ብቻ ላኩልኝ" ብለሽ ጠይቂ፣ ለዚህ የሚሞላ ቅጽ አላቸው። ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ይሁን እንጂ በኋላ አይሁን። ስለ ክፍያው ብዙ አትጨነቂ። ኦባማ ኬር በሚባለው የጤና ኢንሹራንስ ሕግ መሠረት አብዛኞቹ የግል ኢንሹራንሶች ሲጋራ ለማቆም ለአንድ ሙከራ አራት የምክር ክፍለ ጊዜና የ90 ቀን መድኃኒት ያለ ኮፔይ፣ ማለትም አንቺ ድርሻ ሳትከፍዪ፣ ይሸፍናሉ፣ ይህንንም በዓመት ሁለት ጊዜ። ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን ፓች እንኳ ሐኪሟ ማዘዣ ብትጽፍልሽ ኢንሹራንሱ ይከፍለዋል። ባለፈው ከኪስሽ ነው የገዛሽው አይደል?

አሁን ባለቤትሽ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፣ ቶሎ አትመልሺልኝ። በእርግጥ አያውቅም? ዘጠኝ ዓመት ስታጨሺ፣ አንድ ቤት፣ አንድ አልጋ። "አንቺ ደግሞ ዕጣን ስትወጂ" ሲልሽ ፊቱ እንዴት ነበር? ላያውቅ ይችላል፣ ወንድ ልጅ አፍንጫው ሥር ያለውን ነገር ሳያይ ዓመት ያልፈዋል። አውቆም ዝም ያለ ሊሆን ይችላል። አንቺ ነሽ የምታውቂው።

ሁለተኛ ጥያቄ። የምትፈሪው ምኑን ነው? ያዝንብኛል ነው? ይንቀኛል ነው? ወይስ ይመታኛል ነው? የመጨረሻው ከሆነ የቀረውን አንቀጽ እለፊው፣ አትንገሪው፣ ይህን ጉዳይ ለሐኪሟ ወይም ለፕሮግራሙ ባለሙያ ለብቻሽ አንሺው። ካልሆነ ግን እኔ ከማቆሚያው ቀን በፊት ብትነግሪው እመርጣለሁ። ምክንያቴ የሥነ ምግባር አይደለም። ስታቆሚ ሁለት ሦስት ሳምንት ትነጫነጫለሽ፣ እንቅልፍ ታጫለሽ፣ በትንሽ ነገር ትቆጫለሽ፣ ምግብ ታበዣለሽ (አራት አምስት ኪሎ መጨመር የተለመደ ነው፣ አትደንግጪ)። ምክንያቱን የማያውቅ ባል ይህን ሁሉ ከራሱ ጋር ያያይዘዋል። ትጣላላችሁ፣ ተጣልተሽ ደጅ ትወጫለሽ፣ ደጅ ደግሞ መኪናው አለ። የሚያውቅ ባል ቢያንስ ልጅቷን ይዞ ይወጣል።

እንዴት ትነግሪዋለሽ? ታሪኩን ከዘጠኝ ዓመት በፊት አትጀምሪው። ከሕክምናው ጀምሪ። "ማክሰኞ ማታ ማታ ሐኪም ቤት መሄድ ጀምሬያለሁ። ሲጋራ ለማቆም ነው። ለረዥም ጊዜ ደብቄህ ነበር፣ አፍሬ ነው። አሁን እንድትቆጣኝ ሳይሆን ማክሰኞ ልጃችንን እንድታስተኛልኝ ነው የምነግርህ።" ይህን ብለሽ ዝም በይ። ሊናደድ ይችላል። የሚያናድደው ከሲጋራው ይልቅ መደበቅሽ ሊሆን ይችላል፣ እሱም መብቱ ነው፣ አንድ ሁለት ቀን ስጪው። ለባለቤትሽ መንገር ጭራሽ የማይሆን ከሆነ አንድ ሌላ ሰው ፈልጊ። እህት አለሽ? አገር ቤት ያለች የልብ ጓደኛ? አሥር ሰው አያስፈልግሽም፣ አንድ ይበቃል፣ ሌሊት ዋትስአፕ ላይ "አማረኝ" ብትያት "ቆይ አምስት ደቂቃ እናውራ" የምትልሽ። አምሮቱ ብዙ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አያልፍም፣ ያንን ያህል ማውራት ደግሞ ለእኛ ምን አላት።

እናትሽን ለጊዜው ተያት። ምንም የመንገር ግዴታ የለብሽም። እሷን ሸሽተሽ ሳይሆን ቀኑ ስለሚያመችሽ ነው የግንቦቱን ነገር የማነሳው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ብትጀምሪ፣ በአራተኛው ሳምንት ገደማ ብታቆሚ፣ እናትሽ አውሮፕላን ስትሳፈር የከፋው ካለፈሽ ቆይቷል። የማቆሚያውን ቀን ግን ፋሲካ ሰሞን አታድርጊው፣ ዘመድ፣ ግርግር፣ መጠጥ አለ። ተራ ሳምንት ምረጪ፣ ከተቻለም የሌሊት ሺፍት የሌለበትን። ያን ቀን ከመድረሱ በፊት ትራንኩን ክፈቺና ጃኬቱን አጥበሽ ለሚያስፈልገው ሰው ስጪው ወይ ጣይው። መኪናዋንም በደንብ አስጠቢያት፣ ወንበሩ ውስጥ የቀረው ሽታ ራሱ ይጠራሻልና።

እና እህቴ፣ በመሐል አንዲት ብታጨሺ? ሊሆን ይችላል። ፓቹን ልጠሽ አትጣይው፣ ማክሰኞም አትቅሪ። ብዙ ሰው ፕሮግራሙን የሚያቋርጠው አጨስኩ ብሎ አፍሮ ነው። ከሁሉ ይበልጥ መሄድ ያለብሽ ያን ማክሰኞ ነው፣ "አጨስኩ፣ ፓርኪንጉ ላይ፣ ከሺፍት በኋላ" ብለሽ። እነሱ ለዚያ ነው የተቀመጡት።

ነገ ብሬክ ላይ ሁለት ስልክ ደውይልኝ። አንዱ ለፕሮግራሙ፣ "ባለፈው መስመሩ ተቋርጦብኝ ነው፣ ልመዘገብ እፈልጋለሁ፣ አስተርጓሚ በስልክ ብቻ" በያቸው። አንዱ ለኢንሹራንሱ። ሁለቱም አንድ ብሬክ ውስጥ ያልቃሉ፣ አንድ ሲጋራ ከሚፈጀው ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከዚያ በመጀመሪያው ማክሰኞ ትንፋሽሽን ሲለኩሽ የወጣውን ቁጥር ወረቀት ላይ ያዢው፣ ባቆምሽ በሦስተኛው ቀን የሚወጣውንም ከሥሩ ጻፊው። ሁለቱን ቁጥሮች ላኪልኝ። ስምሽን አትጻፊ፣ ቁጥሮቹን ሳይ አንቺ መሆንሽን አውቃለሁ።